ጣሪያችን አንድ ነው! በኮርኒስና በኤሲ ውስጥ መርዝ ማኖር ይቁም!



እንደሚታወቀው የአዳማ ሙቀት ከየካቲት ጀምሮ እየበረታ ይሄድና በሚያዝያና በግንቦት ከቆርቆሮ ሥር መቀመጥ እስከማይቻል ይደርሳል። ከእኛ ዝቅ ብለው በመተሐራና በአዋሽ ሰባት ኪሎ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የባሰውን ያውቁታል። በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰው እንደ አቅሙ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ያለው ኤሲ ያስገጥማል። መካከለኛው ቬንቲሌተር ይሰቅላል። የሌለው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለችውን የአየር ቀዳዳ ይከፍትና የናዝሬትን ነፋስ ይጠብቃል።

ታዲያ ጥላና ነፋስ የሚፈልገው ሰው ብቻ አይደለም። የሌሊት ወፍ፣ ርግብ፣ ድንቢጥ፣ አይጥ፣ ሸለምጥማጥ፣ አልፎ አልፎም እባብና ንብ በዚያችው ቀዳዳ ይገባሉ። ርግቧ በኤሲው የውጭ ሣጥን ጀርባ ትፈለፍላለች። አይጡ የኤሲው ቱቦ ባለፈበት የግድግዳ ቀዳዳ ይመላለሳል። የሌሊት ወፉ ኮርኒሱ ላይ መንደር ይመሠርታል። ሌሊት ኮሽ ኮሽ፣ ጭው ጭው ሲል እንቅልፍ የለም። ኩሱ ይሸታል፣ ኮርኒሱን ያበሰብሳል። ይህን ማንም አይክድም፤ እኛም አንክድም።

ማኅበራችን ይህን ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ የለጠፈው ግን እንስሳት ስለገቡብን አይደለም። እንስሳማ ድሮም ይገባ ነበር። የጻፍነው እነሱን እናስወጣለን በማለት እኛው በራሳችንና በጎረቤቶቻችን ላይ የምንፈጽመው አድራጎት ከእንስሳቱ የከፋ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ይህን አድራጎት በግልጽ እንቃወማለን፤ ምክንያታችንንም እንዘረዝራለን።

ምን እየተደረገ ነው?

አንደኛ፤ ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው ክኒን ኮርኒስ ላይ እየተወረወረ ነው። ሁለተኛ፤ ለእርሻ ተብሎ የተገዛ የተባይ መርዝ በውሃ እየተበጠበጠ በአየር ቀዳዳውና በኤሲው አፍ ይረጫል። ሦስተኛ፤ በርበሬና የቆየ ጎማ እየተቃጠለ ጭሱ ወደ ጣሪያ ይለቀቃል። አራተኛ፤ ንብ የገባበት ቤት በቤንዚን እሞክራለሁ ይላል። አምስተኛ፤ እንስሳው ውስጥ እያለ ቀዳዳው በጭቃ፣ በጨርቅና በማዳበሪያ ይደፈናል። ስድስተኛ፤ መብራቱ ሳይጠፋ በመጥረጊያ እጀታ ወይም በብረት ኤሲው ውስጥ እየተጎረጎረ ነው።

እነዚህን ሁሉ በየግቢው አይተናል። ስም አንጠራም፤ ጉዳዩ የስም ጉዳይ አይደለምና።

ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የሆነውን ግን ሳንናገር አናልፍም። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ክፍሎች በአንድ ቆርቆሮ ሥር ተደርድረው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ክፍል ነዋሪ የሌሊት ወፍ አስቸገረኝ ብሎ የነቀዝ ክኒን ኮርኒሱ ላይ በተነ። ሽታው እንዳይጎዳው ብሎ በሩን ቆልፎ ሞጆ ዘመድ ቤት አደረ። ሌሊት ዝናብ መጣ፤ ቆርቆሮውም ያፈሳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ያለችው እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ማስመለስ ጀመረች። ጎረቤት ተሯሩጦ በባጃጅ ወደ ሕክምና አደረሳቸውና ለጊዜው ተረፉ። እናትየዋ ክኒን አልገዛችም፤ የሌሊት ወፍም አላስቸገራትም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ አይደለምን?

የሌሊት ወፎቹስ? ጥቂቱ ሞተው በግድግዳና በኮርኒስ መካከል በሰበሱ፤ ግቢው በሙሉ ለሁለት ሳምንት ሸተተ። የቀሩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ገቡ። ቀዳዳው ክፍት ነዋ!

ክኒኑ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የማያውቀውን እንንገር። ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። የሚገድለው ክኒኑ ራሱ ሳይሆን ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ጋዝ ነው፤ ስሙም ፎስፊን ይባላል። በአየር ውስጥ ያለችው እርጥበት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃ ከነካው ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ከአየር ጥቂት ከበድ ስለሚል ከኮርኒስ ወደታች፣ ወደተኛው ሰው ይወርዳል። አንዳንዴ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ አለው፤ ሽታ የለም ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ማርከሻ የሚባል መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም የሚያደርገው የታመመውን አካል መደገፍ ብቻ ነው።

የእኛ ኮርኒስ ደግሞ ከምን እንደተሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ከአቡጀዴ፣ ከማዳበሪያ፣ ሲሻል ከቺፕውድ ነው። ይህ ጋዝ ያስቆማል? ከክፍል ወደ ክፍል የሚለየን ግድግዳ በብዙ ቤት ኮርኒሱ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ አምስቱም ክፍል አንድ አዳራሽ ነው። አንዱ ቤት ያስቀመጠውን አምስቱም ቤት ይተነፍሰዋል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ግዛት አማሪሎ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2017 መጀመሪያ አንድ ቤተሰብ ይህንኑ መርዝ ከቤቱ ወለል ሥር ለአይጥ አስቀመጠ። ሽታው ሲያስቸግራቸው በውሃ ጎማ ሊያጥቡት ሞከሩ። ውሃው ጋዙን አባባሰውና በአንድ ሌሊት የዚያ ቤት 4 ልጆች ሞቱ። ሐኪምም፣ እሳት አደጋም፣ አምቡላንስም ባለበት አገር የሆነ ነገር ነው። እኛ ሌሊት ባጃጅ የምንፈልግ ሰዎች ምን ልንሆን ነው?

አገራችን በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅን በቁጥር 674/2002 ያወጣችው እነዚህ ነገሮች ከረሜላና ብስኩት ስላልሆኑ ነው። ለጎተራ የተፈቀደ ለመኝታ ቤት አልተፈቀደም። ለቲማቲም ማሳ የተሠራ ለሕፃን አልጋ አናት አይደለም።

የሚሰጡት ምክንያቶችና የእኛ መልስ

«የራሴ ጣሪያ ነው፤ ምን አገባችሁ?» የሚሉ አሉ። የሌሊት ወፍ ግብር ስትጠየቅ ያለችውን ታስታውሳላችሁ። የወፎች ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ ጥርሷን አሳይታ አይጥ ነኝ አለች፤ የአይጦቹ ሲመጣ ክንፏን ዘርግታ ወፍ ነኝ አለች ይባላል። የእኛም ሰው እንዲሁ ሆኗል። ቆርቆሮው ሲያፈስና መዋጮ ሲጠየቅ «ጣሪያው የጋራ ነው፤ ለምን እኔ ብቻ?» ይላል። መርዝ ሲያኖር «የራሴ ነው» ይላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሆን አይቻልም። ጣሪያው የጋራ ከሆነ ለጥገናውም ለመርዙም የጋራ ነው።

«ድሮም በበርበሬ ጭስ ነበር የምናስወጣው» የሚሉም አሉ። ድሮ የሣር ጎጆ ለየብቻ በየማሳው ነበር። ዛሬ በቆርቆሮና በማዳበሪያ ኮርኒስ መካከል ያረጀ የመብራት ገመድ፣ አቧራና የደረቀ የወፍ ጎጆ አለ። አንዲት ብልጭታ ትበቃለች። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከከተማችን ጥግ ካለው ኮረብታ ላይ በ2004 ዓ.ም. 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት ነፋሳችን ኃይለኛ ስለሆነ አይደለም እንዴ? ያን ተርባይን የሚያዞር ነፋስ እሳት ያገኘ ቀን ግቢ አይመርጥም። ጭሱም ቢሆን አስም ያለባቸውንና ሕፃናትን አፍኖ የሌሊት ወፎቹን ወደ ጎረቤት ኮርኒስ ከማዛወር ያለፈ ጥቅም የለውም።

«መርዙ ርካሽ ነው፤ ሽቦና ሠራተኛ ውድ ነው» ይባላል። እስቲ እንቁጠር። መርዝ በየዓመቱ ይገዛል፤ ሽቦ አንዴ ከተመታ ዓመታት ይቆያል። የሞተ እንስሳ ሲሸት ኮርኒስ ይቀደዳል፤ ኮርኒስ መልሶ ማስመታት ስንት እንደሆነ ያስመታ ያውቃል። የሕክምናውን አናነሳውም።

«አውሬ ነው፤ ይሙት» የሚሉ ደግሞ አሉ። በሁሉም ላይ አንፈርድም፤ አይጥ በቤታችን ውስጥ ይኑር የሚል ከእኛ መካከል የለም። ነገር ግን የዱር እንስሳ የአገር ሀብት ስለሆነ ነው በ1999 ዓ.ም. ልማቱን፣ ጥበቃውንና አጠቃቀሙን የሚመለከት አዋጅ በቁጥር 541/1999 የወጣው። ከዚያም አልፎ ጥቅማችንን እንመልከት። በኮርኒሳችን የሚያድሩት ትንንሾቹ የሌሊት ወፎች ነፍሳት በሊታዎች ናቸው። አንዷ በአንድ ሌሊት የራሷን ክብደት ግማሽ የሚጠጋ ነፍሳት ልትበላ ትችላለች። የምትበላው ቢንቢ ብቻ አይደለም፤ የእሳት ራትም ጢንዚዛም ትበላለች። ወባን ታጠፋልናለች ብለን አንዋሽም። ከሰማይ ላይ የሚቀንስልንን ግን በመርዝ መግደል ሞኝነት ነው። እንደ አይጥም አሥር አሥር አትወልድም፤ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። መንጋው አንዴ ካለቀ ቶሎ አይተካም። ከቤታችን ትውጣ፤ ከሰፈራችን ግን አትጥፋ። ይህ ነው አቋማችን።

እንዴት እናስውጣ?

መቃወም ብቻውን አይበቃም። «ታዲያ ምን እናድርግ?» ለሚለው መልስ መስጠት የማኅበሩ ግዴታ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ መጀመሪያ እንስሳው በራሱ መንገድ ይውጣ፣ ቀጥሎ ቀዳዳው ይዘጋ። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ሁሉም ይበላሻል።

ስለ የሌሊት ወፍ፤

ሀ. ሁለት ማታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ውጭ ቆመን በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጡ እንመልከት። ከአንድ የበለጠ መውጫ ሊኖር ይችላልና ልጆች በየማዕዘኑ ቢቆሙ ጥሩ ነው።

ለ. ዋነኛውን መውጫ ትተን ሌሎቹን ቀዳዳዎች እንዝጋ።

ሐ. በዋናው መውጫ ላይ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ወይም ያረጀ የአጎበር ቁራጭ እንስቀል። ከላይና ከጎን ይመታል፤ ከታች ክፍት ሆኖ ከቀዳዳው ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ወፏ ስትወጣ ወደታች ተንሸራታ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ግን መግቢያው አይታያትም።

መ. መረቡ አንድ ሳምንት ይቆይ። ማታ ማታ የሚወጣ አለመኖሩ ሲረጋገጥ ቀዳዳው በሽቦ ወንፊት ይዘጋ። በጭቃ አይደፈን! ቀዳዳው የተሠራው ለነፋስ ነው፤ በጭቃ ከደፈንነው እንስሳውን አስወጥተን ሙቀቱን አስገባን ማለት ነው። ወንፊቱ የትንሽ ጣት ጫፍ የማያስገባ ይሁን።

ሠ. ግልገል ካለ ይህን ሁሉ እናቆይ። ቀን ላይ ቀጭን ጩኸት የሚሰማ ከሆነ መብረር የማይችሉ ልጆች አሉ ማለት ነው። እናቶቹን ብናስወጣ ግልገሎቹ ውስጥ ሞተው ይሸታሉ። ስድስት ሳምንት ያህል መታገሥ ይበቃል።

ረ. ኩሱ በደረቁ አይጠረግ። አቧራው ሳንባን የሚያሳምም ሻጋታ ሊይዝ ይችላል። ውሃ ይርከፈከፍበት፤ አፍና አፍንጫ በማስክ ወይም በወፍራም ጨርቅ ይሸፈን፤ በጓንት በከረጢት ይሰብሰብ። ማሳሰቢያ፤ የነቀዝ ክኒን ወይም ዱቄቱ እዚያ ካለ ውሃ ፈጽሞ እንዳይነካው! ያን ጊዜ ሁሉም ከቤት ይውጣ፤ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሕመም የተሰማው ወዲያው ወደ ሕክምና ይሂድ።

ሰ. የሌሊት ወፍ በባዶ እጅ አይያዝ፤ ልጆችም አይጫወቱበት። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻም ድመትም ቢነክስ እንዲሁ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም በሚባልበት ደረጃ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሻላል።

ስለ ኤሲና ስለ ቬንቲሌተር፤

ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት ኤሌክትሪኩ ከቆጣሪው ላይ ይጥፋ። ሪሞቱን መጫን ማጥፋት አይደለም። የኤሲው የውጭ ሣጥን ግን መብራት ከጠፋ በኋላም አይከፈት፤ በውስጡ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ለባለሙያው እንተወው። አይጥ ገመድ በልቶ ከሆነም በፕላስተር ጠቅልሎ ማለፍ ሳይሆን ገመዱ መለወጥ አለበት።

ርግብ ወይም ድንቢጥ እንቁላል ከጣለች ጫጩቶቹ እስኪበሩ እንታገሣት። ጫጩቶቹ ሲበሩ ጎጆው ይነሳ፤ ያን ዕለት ቦታው በሽቦ ይታጠር። ሽቦው ከሣጥኑ ራቅ ብሎ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ይሁን። በጥብቅ ወንፊት ወይም በጨርቅ የተሸፈነ ኤሲ አየር አያገኝም፤ መብራት ይበላል እንጂ አያቀዘቅዝም። ጎጆ ሞልቶበት የሚሠራ ኤሲም እንዲሁ ነው።

የኤሲ ገጣሚዎችንም እንናገራለን። ግድግዳ ይበሳሉ፣ ቱቦ ያሳልፋሉ፣ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ በቱቦው ዙሪያ ያለውን ክፍተት ትተው ይሄዳሉ። አይጡም እባቡም የሚገባው በዚያ ነው። ክፍተቱ በሽቦ ተጠቅጥቆ በሲሚንቶ ወይም በጀሶ ሳይመረግ ሥራው አላለቀምና ክፍያው እንዳያልቅ! የሚያንጠባጥበው ቱቦ ጫፍም ውሃ የሚያሳልፍ ወንፊት ይደረግበት።

በዚያ ቱቦ ሥር ባልዲ ያስቀመጣችሁ ደግሞ ስሙን። በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ከውጭ የመጣች የወባ ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር በ2009 ዓ.ም. ተገኝታለች። አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። ከዚያ ወዲህ በእኛ መንገድ ላይ ባለችው በአዋሽ ሰባት ኪሎም ታይታለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችውም እሷ ናት። ረግረግ አትፈልግም፤ ባልዲና በርሜል ይበቃታል። ስለዚህ ባልዲው በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደፋ፤ ውስጡም ይታሽ። የሌሊት ወፏን ገድሎ ቢንቢዋን በባልዲ ማርባት ከየት የመጣ ጥበብ ነው?

ስለ እባብ፤

እባብ የሚመጣው አይጥ ተከትሎ ነው። አይጥ የሌለበትና ቀዳዳ የተዘጋበት ቤት እባብ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ከታየ ግን ጀግንነት አያስፈልግም። ሰው ሁሉ ይራቅ፤ አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ የት እንዳለ ይጠብቅ፤ ወደ ውስጥ የሚወስደው በር ይዘጋ፣ ወደ ውጭ የሚወስደው ይከፈት። ብዙ ጊዜ ራሱ ይሄዳል። ካልሄደ ልምድ ያለው ሰው ይጠራ። ሊገድለው ወይም ሊይዘው የሚሞክር ሰው ሊነደፍ ይችላል። የተነደፈ ሰው አካሉ እንዳይንቀሳቀስ ተደርጎ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ቁስሉ አይቀደድ፣ በአፍ አይመጠጥ፣ በገመድ አይታነቅ።

ስለ ንብና ስለ ሸለምጥማጥ፤

ንብ ለንብ አናቢ ነው። በአካባቢያችን ገጠር ቀፎ የሚሰቅሉ አባቶችና ወንድሞች አሉ፤ ማታ መጥተው መንጋውን ይወስዱታል፤ እነሱም ይጠቀማሉ። ቤንዚን ይዞ ወደ ኮርኒስ የወጣ ሰው ግን ወይ በንብ ወይ በእሳት ይወርዳል። ሸለምጥማጥ ደግሞ ሌሊት አደን ይወጣል። ልጅ አለመኖሩን አይተን፣ በወጣበት ሰዓት መግቢያውን በጠንካራ ሽቦ እንዝጋ። ዶሮአችንንም ማታ ማታ በተዘጋ ቤት እናሳድር፤ ዶሮ ባያገኝ ወደ እኛ ባልመጣም ነበር።

ስለ ወጪው

ይህን ስናነሳ ተከራይ ወደ አከራይ፣ አከራይ ወደ ተከራይ ይጠቁማል። የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ጣሪያና ግድግዳ የቤቱ አካል ነው፤ ቀዳዳውን የመዝጋት ኃላፊነት የባለቤቱ ነው። በየዓመቱ ኪራይ መጨመር የሚያስታውስ ሰው አንድ ጥቅል ሽቦ ወንፊት መግዛትም ሊያስታውስ ይገባል። ተከራይም በበኩሉ ቀዳዳ ሲያይ ወዲያው ያሳውቅ፤ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ ግቢ ውስጥ እየጣለ ስለ አይጥ አያማርር። ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ኋላ ድስት ጥዶ ከማልቀስ ይሻላል።

ከነዋሪው የምንጠይቀው

1. በአንድ ቆርቆሮ ሥር የሚኖሩ ሁሉ በአንድነት ይምከሩ። ማንም ሰው ለጎረቤቱ ሳይናገር በጣሪያው ውስጥ ማንኛውንም መርዝ እንዳያኖር።

2. የነቀዝ ክኒንና የእርሻ መርዝ በመኖሪያ ቤት ውስጥ ለእንስሳ ማስወጫነት መጠቀም ፈጽሞ ይቁም። በየሰፈሩ በዘንቢል ይዞ የሚዞር መርዝ ሻጭ ሲታይ ለማኅበሩ ይነገር፤ እኛም ለሚመለከተው ክፍል እናሳውቃለን።

3. በአንድ ረድፍ ያሉ ቤቶች ሽቦ ወንፊቱን በጋራ ገዝተው በአንድ ቀን ያስመቱ። አንዱ ዘግቶ ሌላው ከተወው እንስሳው ከቤት ቤት ይዞራል እንጂ አይወጣም።

4. የጋራ መሰላል ያለው ግቢ ለሌለው ያውስ። በእርጅና ወይም በሕመም ጣሪያ መውጣት የማይችሉትን የሰፈሩ ወጣቶች ይርዷቸው።

5. ሥራው ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ዝናቡም ሳይገባ፣ በጥርና በየካቲት ይሠራ። በግንቦት የሚሯሯጥ ሰው መርዝ መፈለጉ አይቀርም።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፤

አንዳንዱ ሰው «ለአንዲት የሌሊት ወፍ ይህን ያህል ጽሑፍ!» ብሎ ይስቅ ይሆናል። የጻፍነው ለሌሊት ወፏ አይደለም። በሦስተኛው ክፍል ለተኙት ሁለት ልጆች ነው። የሌሊት ወፍ ያለባት ቤት ትሸታለች፤ ትጸዳለች። መርዝ ያለባት ቤት ግን ሳትሸት ልትገድል ትችላለች። በቀጭን ማዳበሪያ ተለያይተን በአንድ ቆርቆሮ ሥር የምናድር ሰዎች እንደመሆናችን መጠን የጎረቤታችን እስትንፋስ በእጃችን ነው፤ የእኛም በእሱ እጅ ነው። ይህን የማያምን ሰው ማታ መብራት ጠፍቶ ዝም ሲል ያዳምጥ፤ የጎረቤቱ ሳል በኮርኒሱ በኩል ይሰማዋል። ሳሉ የሚያልፍበት መንገድ ጋዙም የሚያልፍበት ነው።

ስለዚህ፤
መጀመሪያ ይውጣ፣ ከዚያ ይዘጋ!
ሽቦ ይግባ፣ መርዝ ይውጣ!
የጋራ ጣሪያ በጋራ ይጠበቅ!

ከማኅበሩ ጽሕፈት ክፍል